ለፍቺም ሽማግሌ ይላካል

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ወሬው ረጅም ነው፣ ቡና የያዘም ቡናውን ይዞ ይስማ። ዛሬ የማወጋችሁ የሠርግ ነገር አይደለም። ሠርግማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ እንዴት እንደሚላክ፣ ደጅ ቆሞ "ቤቶች!" እንዴት እንደሚል፣ የልጅቷ አባት "እስቲ ቤተ ዘመዱን ላማክር፣ በሳምንቱ ተመለሱ" ሲሉት እንዴት አጎንብሶ እንደሚወጣና በሳምንቱ ጭቃውን እየረገጠ እንዴት እንደሚመለስ ከመካከላችሁ የማያውቅ የለም። እኔ የማወጋችሁ እነዚያው ሽማግሌዎች፣ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ በዚያው ደጅ ቆመው "ቤቶች!" ስላሉበት ቀን ነው።

የባልና የሚስቱን ስም አልነግራችሁም። እሱን ሹፌሩ እለዋለሁ፤ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳ፣ ዛሬ አዋሽ ነገ ሚሌ ከነገ ወዲያ ገላፊ የሚያድር ሰው ነው። እሷን ባለባልትናዋ እላታለሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ እኛ በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት አንዲት ሱቅ ተከራይታ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥ፣ በርበሬዋን የቀመሰ ሌላ ዘንድ የማይሄድላት ሴት ናት። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በዕጣ የደረሳቸው፣ የባንክ ዕዳው ገና ያልተጨረሰ። አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ሴት ልጅና ስድስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አሏቸው። ምን አጣላቸው ትሉኝ ይሆናል። እሱንም አልነግራችሁም። ሰፈሩ ሁሉ ያንን ለማወቅ ሲል በርበሬ ሳያልቅበት በርበሬ ሊገዛ ይመላለስ ነበር፣ እሷም ትመዝናለች፣ ትቋጥራለች፣ መልሱን ትሰጣለች፣ ሌላ ቃል ግን አይወጣትም።

ሽማግሌዎቹ አራት ነበርን። እኔ የሰፈሩን እድር በዳኝነት አገለግላለሁ። ሁለተኛው የሹፌሩ አጎት ናቸው፣ ያኔ ልጅቷን ልንጠይቅ መንዝ ድረስ ስንሄድ አብረውኝ የነበሩ። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ አራተኛዋ ደግሞ የእቁባችን ዳኛ እትዬ ነበሩ። አጎትየው "ሴት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለሽምግልና የምትቀመጠው?" ብለው ሲያጉረመርሙ መምህሩ ቀና ብለው "ብራችንን በየሳምንቱ ስንሰጣቸው ሴት መሆናቸውን ማን አስታወሰ?" አሏቸውና ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

እንግዲህ ሽማግሌ የሚያውቀው አንድ መንገድ ነው፣ ማስታረቅ። እኛም እሱን ይዘን ተቀመጥን። መጀመሪያ እሷን ሰማን፣ ከዚያም እሱ ከጅቡቲ እስኪመለስ ጠበቅን፣ ከዚያም እሱን ሰማን፣ ከዚያም ሁለቱን አንድ ላይ አስቀመጥን፣ እናም ከሁለቱ አንዱም ሌላውን ሲሰድብ አልሰማንም፣ ይኼ ነው ያስፈራን። የተሰዳደበ ይታረቃል። እሷ አቀርቅራ "አባቶቼ፣ ቂም ቢሆን በእናንተ ፊት እሽረው ነበር፤ ቂም የለኝም፣ አልቆብኝ ነው" አለች። አጎትየው ይኼን አልወደዱትም፤ ተነሥተው ወጡና ከግቢው ድንጋይ አምጥተው በወንድማቸው ልጅ ጫንቃ ላይ አኖሩበት፣ እሱም ሳያንገራግር ተሸክሞ ከፊቷ ተንበረከከ። ይኼ በአገራችን የታወቀ ነው፤ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ፊት እንቢ አይባልም። እሷ ግን ተነሣች፣ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከጫንቃው አነሣች፣ ሸሚዙ ላይ የቀረውን አፈር አራገፈችለት፣ ከዚያም ድንጋዩን በረንዳው ላይ አስቀምጣ ተመለሰችና "ይኼ የእሱ ብቻ ዕዳ አይደለም፣ አታስቸግሩት" አለች። ሹፌሩ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች። ለማስታረቅ የሄድን ሰዎች ያን ቀን ማንም ምንም ሳይነግረን ገባን።

ከዚያ በኋላ ነው መምህሩ የተናገሩት። "እስካሁን ለምን ስንል ከረምን" አሉ፤ "ከእንግዲህ እንዴት እንበል። ስናጋባቸው ጥሎሹንና ድንኳኑን ቆጥረን ነበር፤ ሲለያዩ ብቻቸውን ይቁጠሩ ብለን የምንሄደው ምን ዓይነት ሽማግሌዎች ብንሆን ነው?" አጎትየው "እኔ ያጋባሁትን አላፋታም" ብለው ነጠላቸውን አነሡና ወጡ። ሁለት ቀን ቆይተው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ መጥተው በቦታቸው ተቀመጡ፣ እኛም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ቡና ቀዳንላቸው።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ ጥቂት ልበላችሁ፣ አትሰልቹ፣ ነገሩ ያለ እሱ አይገባም። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ አስቀምጦ፣ የፍቺን ነገር ደግሞ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። ያን ጊዜ እንደ እኛ ያለ ሽማግሌ የሚያስታርቅ ብቻ አልነበረም፤ የሚያፋታም፣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የሚለይም፣ ጥፋተኛ ባለው ላይ ከጋራ ሀብቱ የሚቀንስበትም እሱ ነበር። ከዚያም ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213 ወጣና ፍቺን የሚወስን ፍርድ ቤት ብቻ እንዲሆን አደረገ። ለሽማግሌ የቀረው ማስታረቅ ነው። ይኼ ሕግ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው፤ ብዙ ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል። ባለፈው ዘመን ሽምግልና ስንት ሴት ባዶ እጇን እንደወጣች አይቻለሁና ሥልጣኑ ከእኛ በመወሰዱ ቅር አይለኝም። ግን ሥልጣኑ ሲሄድ ሥራውም አብሮ የሄደ የሚመስለን ሽማግሌዎች ብዙ ነን። አልሄደም። ዳኛ ውሳኔ ይሰጣል እንጂ ማታ ማታ ቤት ድረስ እየመጣ ድስት አይቆጥርም።

በዚያው ሕግ ደስ ያለኝ አንድ ነገር አለ። ባልና ሚስት ተስማምተው እንፋታ ብለው ከቀረቡ ምክንያታችሁን ተናገሩ ተብለው አይገደዱም። መምህሩ ይኼን ጮክ ብለው ሲያነቡልን አራት ሽማግሌዎች አፍረን መሬት መሬት አየን፣ ሁለቱን ስንጠይቅ የከረምነው እሱን ነበራ።

እናም መቁጠር ጀመርን። ክርክሩ የተነሣው ቤቱ ላይ ነው፣ አጎትየው ዕጣው የወጣው በወንድማቸው ልጅ ስም ነው ብለው ተነሡ። መምህሩ መነጽራቸውን አስተካከሉና "በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግሉ መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ይላል ሕጉ" አሏቸው። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ከወላጅ የተወረሰ፣ ለአንዱ ብቻ በስጦታ የተሰጠ የየግል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን የእሱ ደመወዝም የእሷ በርበሬም አንድ ነው፣ ሲካፈልም እኩል ነው። ስለዚህ ከእናቷ የወረሰችው የወርቅ ሐብል ከወረቀቱ ወጣ። ማቀዝቀዣው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የሱቁ ሚዛንና ከረጢቶቹ ገቡ። የባንኩም ዕዳ ገባ፤ ለቤተሰቡ ጥቅም የመጣ ዕዳም የጋራ ነውና፣ ብዙ ሰው ይኼን ይረሳዋል፣ ቤት ሲካፈል የተደሰተ ዕዳ ሲካፈል ይደነግጣል።

ቤት እንደ ድፎ ዳቦ አይቆረስም። ወይ ይሸጣል፣ ወይ አንዱ ለሌላው ድርሻውን ከፍሎ ያስቀረዋል። ልጆቹ ትምህርት ቤታቸው እዚያው ነው፣ ሱቋም እዚያው ነው፣ እሱ ደግሞ ከወሩ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። "እሷ ታስቀረው" አለ ሹፌሩ ራሱ። ግን በምን ገንዘብ? ያን ጊዜ ነው እትዬ ጉሮሯቸውን የጠረጉት። "የእቁቡ ዕጣ የሚቀጥለው ለእሷ ይሁን" አሉ፤ "እኔ አባላቱን አነጋግራለሁ፤ ለታመመና ለተቸገረ ቅድሚያ ስንሰጥ ኖረን የለም ወይ?" አነጋገሩም። አንዱ አባል ብቻ "እሷ አልታመመችም" ብሎ ተከራከረ፣ እትዬም "አንተ ባለፈው ዓመት መኪና ልትገዛ ስትለምነን ምን አሞህ ነበር?" አሉት። እንዲህ ሆነና የእቁቡ ገንዘብ የድርሻው መጀመሪያ ሆኖ ተሰጠው፣ የቀረውን በየወሩ ልትከፍለው፣ የባንኩንም ዕዳ እሷ ልትረከብ ተጻፈ።

ከሁሉ የገረመኝ የሠርጋቸው አልበም ነው። በሰሃን ተከራክረዋል፣ በምንጣፍ ተከራክረዋል፣ አንድ የሻይ ፔርሙስ ግማሽ ምሽት ፈጅቷል። አልበሙን ግን እሱ ወደ እሷ ገፋው፣ እሷ ወደ እሱ መለሰችው፣ ከዚያም ጠረጴዛው መሐል ላይ ተቀመጠ፣ ማንም አልነካውም። እትዬ አንሥተው በነጠላቸው ጠቀለሉና "ልጆቹ ሲያድጉ ከእኔ ቤት ይወስዱታል" ብለው ብብታቸው ውስጥ አደረጉት።

የልጆቹ ነገር አልከበደም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? የቀድሞው ሕግ ልጅ አምስት ዓመት እስኪሆነው ከእናቱ ይሁን የሚል ነበረው፤ የአሁኑ ዕድሜ ቆርጦ አያስቀምጥም፣ የሚያየው የልጆቹን ጥቅም ነው። ከእናታቸው ጋር እንዲሆኑ፣ አባት ቀለብ በየወሩ በባንክ እንዲያስገባ፣ ከመንገድ ተመልሶ በሚያርፍበት ቀን ልጆቹን እንዲወስድ ሁለቱም ቶሎ ተስማሙ። ቶሎ መስማማታቸው ደስ አለን። እዚህ ጋ ቆም ብለን ማሰብ ነበረብን ያሉት መምህሩ ናቸው፣ እሱን መጨረሻ ላይ ትሰሙታላችሁ።

ከዚያም በሰኔ ስምምነታቸውን ይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ፣ የቤተሰብ ችሎት። ዳኛዋ ወጣት ነበረች፣ ግን ትዕግሥተኛ ናት፤ መጀመሪያ እሱን ለብቻው አነጋገረች፣ ከዚያም እሷን ለብቻዋ፣ ከዚያም ሁለቱን አብራ አነጋገረችና ሐሳባቸውን እንዲያጤኑት ቀጠሮ ሰጠቻቸው። ሕጉ ለዚህ እስከ ሦስት ወር ይፈቅዳል። ክረምትም ገባ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ሹፌሩ ከሥራ ሲመለስ አንድ ዘመዱ ዘንድ ያድራል፣ ትንሹ ልጅ ከባድ መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ወደ መስኮቱ ይሮጣል፣ እሷም በርበሬዋን ታዘጋጃለች፣ አስነጠሰኝ እያለች ዓይኗን ትጠርጋለች፣ እኛም አስነጥሷት ነው እንላለን።

በነሐሴ ነው መንዝ የሄድነው። ነገሩን ያመጡት አጎትየው ናቸው፣ እኔ ያጋባሁትን አላፋታም ያሉት። "አባቷ በስልክ ሊሰሙ አይገባም" አሉ፤ "በደጃቸው ቆመን ጠይቀን የወሰድናት እኛ ነን። አሁንም ሄደን በአፋችን እንነግራቸዋለን። እሱም ይምጣ፣ ሚዜ ይዞ የሄደበትን መንገድ አይፈር።" እናም ከላምበረት መናኸሪያ ገና ሳይነጋ ተሳፈርን፣ አጎትየውና እኔ ከፊት፣ ባልና ሚስቱ ከኋላችን፣ ሌላ ወንበር ጠፍቶ ነው እንጂ ጎን ለጎን ሊቀመጡ አልፈለጉም ነበር።

መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ሰንዳፋን አለፍን፣ አለልቱን አለፍን፣ ሸኖ ላይ ቅቤ ሻጮች መስኮቱን ቢያንኳኩ ፍልሰታ ነውና ማንም አላያቸውም፣ ከዚያም ደብረ ብርሃን ገባን፣ ብርዱ ከመኪናው ወለል ተነሥቶ እግራችንን ያዘን። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ጉም ነው። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ ከመንገዱ ጠርዝ ወጥቶ መስታወቱን ሸፈነው፣ ሹፌሩ መብራቱን አብርቶ እንደ ኤሊ ይጎተታል፣ የእኛም ሹፌር፣ ባልየውን ማለቴ ነው፣ መንገድ የለመደ ሰው ነውና "ዝቅተኛውን ማርሽ ያዝ፣ ዝቅተኛውን" እያለ ያጉተመትማል። እሷ መንገድ አይስማማትም፣ ያጥወለውላታል። ዞር ብዬ ሳይ በመስኮቱ በኩል አስቀምጧታል፣ ሎሚ ገምሶ በእጇ አስይዟታል፣ ጋቢውን አልብሷታል፣ እሱ በሸሚዝ ይንቀጠቀጣል። አጎትየውም ዞረው አዩና በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ፤ ታረቁ ማለታቸው ነው። እኔ ግን አይመስለኝም ነበር። አሥራ አራት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ሎሚ የት እንደሚገኝ ያውቃል፣ ይኼ ከፍቺ ጋር አይጠፋም፣ ሊጠፋም አይገባውም።

ጣርማ በር ላይ ወርደን ወደ መንዝ የሚገነጠለውን መንገድ በሌላ መኪና ያዝን፣ ከዚያም በእግር። ገብሱ አረንጓዴ ነው፣ በጎቹ ዝናብ እየመታቸው በድንጋይ አጥሩ ጥግ ተጠግተዋል፣ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ከደጃቸው ደርሰን "ቤቶች!" አልን። አባቷ ወጡ። አራታችንን አዩን፣ ከዚያም የልጃቸውን ፊት አዩ፣ እናም ምንም ሳይጠይቁ "ግቡ፣ በስብሳችኋል፣ መጀመሪያ እሳት" አሉን። እናቷ ከሞቱ ቆይተዋል፣ አንዲት የልጅ ልጅ ናት ውኃ ያሞቀችልን፣ ሽሮና ቂጣ ያቀረበችልን። በልተን እስክንጨርስ ድረስ ስለ ዝናቡና ስለ ገብሱ ብቻ አወራን።

ከዚያም አጎትየው ተነሡና በአገር ባህል ቆመው ተናገሩ። "ጌታዬ፣ አደራ ብለው ሰጥተውን ነበር" አሉ፣ ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ተቆረጠ። የቀረውን ልጅቷ ጨረሰችው፤ "አባዬ፣ እኔና እሱ ልንለያይ ነው፣ ማንም አልገፋኝም፣ ማንም አልበደለኝም ብዬ እንድነግርህ መጣሁ" አለች። አባቷ ለረጅም ጊዜ እሳቱን ቆሰቆሱ። ከዚያም ስለ አክስታቸው አወሩን። አክስታቸው በሰማንያ አግብተው የኖሩ ነበሩ፤ የተፋቱ ቀን ሽማግሌ ተቀምጦ ገብሱን በቁና ሰፍሮ ለሁለት ከፈለ፣ በጎቹን አንድ ለአንቺ አንድ ለአንተ እያለ አካፈለ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ባና ቀረ። ባና ደግሞ ከሁለት ቢቀደድ ለማንም አይሆንም፣ የመንዝን ብርድ ታውቁታላችሁ። "ለልጁ ይሁን አሉ ሽማግሌዎቹ" አሉ አባቷ፤ "እኔ አየዋለሁ ያን ባና፤ ልጁ በወር አባቱ ጋ ሲሄድም፣ እናቱ ጋ ሲመጣም ተሸክሞት ይሄድ ነበር።" እኔ ይኼን ስሰማ ሀብት እኩል መካፈል በአዲስ ሕግ የመጣ ለሚመስለው ሰው ሁሉ ሄጄ ብነግረው ብዬ ተመኘሁ። ሁሉም አገር እንዲህ ነበር፣ ሁሉም ሽማግሌ እንዲህ ያካፍል ነበር አልልም፣ እንዳልነበረ ቅድም ነግሬያችኋለሁ። ግን ነበረ።

ሹፌሩ ተነሥቶ አማቱን ጉልበት ሊስም ሲያጎነብስ አባትየው ቀና አደረጉትና "የልጅ ልጆቼ አባት ነህ፤ ያ በወረቀት አይቀርም" አሉት። በማግሥቱ ስንነሣ በሶ አስፈጭተው አገኘናቸው። ሁለት ቋጠሮ ነበር። ሁለቱን እኩል መዝነው፣ በተለያየ ጨርቅ ቋጥረው፣ አንዱን ለእሷ አንዱን ለእሱ ሰጡ። እሷ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ቻል አድርጋው ነበር፤ ሁለቱን ቋጠሮ ስታይ ግን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ልጅ አለቀሰች፣ እኛም መኪናው ቢያመልጠንም ብለን ጠበቅናት።

ፍርድ ቤቱ ከክረምቱ በኋላ ሲከፈት ቀረቡ፣ ሐሳባችሁን ቀየራችሁ ወይ ተባሉ፣ አልቀየርንም አሉ፣ ስምምነታቸውም ጸደቀ። ስንወጣ መምህሩ ሴት ከፍቺ በኋላ እስከ መቶ ሰማንያ ቀን ሌላ ባል አታገባም የሚለውን አንቀጽ አነሡ፤ የቀድሞ ባሏን መልሳ ልታገባ ብትፈልግ ግን አይከለክላትም አሉ። አጎትየው ጆሯቸውን ቀና አደረጉ። እሷ ሳቀች፣ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ "አይዞዎት አባባ፣ ማንንም አላገባም፣ በርበሬው ይብቃኝ" አለች።

እንግዲህ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ አለቀ ይላል። እኔ የእድር ዳኛ ነኝ፣ ለእኔ እዚህ ላይ ተጀመረ። በእድሩ መዝገብ የተጻፈው የባል ስም ነው፤ ሚስት በእሱ ስም ይለቀስላታል፣ በእሱ ስም ታለቅሳለች። አሁን እሷ ማን ናት? እሁድ ዕለት ድንኳን ውስጥ ተሰብስበን፣ ዝናቡ በሸራው ላይ እየተንቦጫረቀ፣ ይኼን ስንከራከር ዋልን። አንዱ እንደ አዲስ አባል መመዝገቢያ ትክፈል አለ። ሌላው እሱ ከሰፈሩ ስለወጣ እሱ ይሰረዝ፣ እሷ በቦታው ትግባ አለ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ "የእሱ እናት ቢሞቱ ለቅሶ ትቀመጥ ወይ?" ብለው ጠየቁ፣ ይኼኔ ድንኳኑ ጸጥ አለ፣ እትዬ ብቻ "ልጆቿን ያሳደጉላት እሳቸው አይደሉም ወይ?" አሉ። አሥራ አራት ዓመት ወርኃዊ መዋጮውን ቤቷ እየመጣን የተቀበልነው ከእሷ እጅ ነበር፤ ያን ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ ሁለት ደብተር እንዲሆን፣ ማንም አዲስ መመዝገቢያ እንዳይከፍል፣ ለወደፊትም እንዲህ እንዲሆን በመተዳደሪያ ደንባችን ተጻፈ። ደንቡ ከተጻፈ በኋላ ሁለት ሌሎች ሴቶች መጥተው ደብተር ጠየቁኝ፤ ከባሎቻቸው ከተለያዩ ዓመታት ያለፏቸው፣ በሌላ ሰው ስም ሲከፍሉ የኖሩ።

በዓል ደግሞ ከችሎት ይከብዳል። በገና ዶሮ ሠራችና ለልጅቷ በሳህን አስይዛ አባትየው ወደተከራየባት ክፍል ላከችው፣ እሱም ሳህኑን አጥቦ ብርቱካን ሞልቶ መለሰው። በፋሲካ አልላከችም። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም፣ እሱም አልጠየቀም፣ እኔም ሳህኑን ባለመላኳ ጎረቤቱ ሲያማት ሰምቼ ተቆጣሁ። ሰው ልቡ ሲደክመው ዶሮ አይሠራም፣ በቃ።

ጊዜው እንዲህ ሄደ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሽማግሌዎቹ እንደገና ተጠራን። እንደገና ተጣልተው ይሆናል ብለን ስንሄድ የጠራችን ልጅቷ ሆና ተገኘች፣ አሥራ አራት ዓመት ሞልቷታል፣ እናትና አባቷን ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ ደብተር ከፍታ ትጠብቀናለች። "ያኔ ስትካፈሉ እኛን ማንም አልጠየቀንም" አለች። አባቷ ክፍል ውስጥ አልጋ የላትም፤ ሲመጣ እሷና ወንድሟ በእሱ አልጋ ይተኛሉ፣ እሱ መሬት ይተኛል፣ በጠዋት ወገቡን ይዞ ነው የሚነሣው። የሰኞ ደብተሯ ሁልጊዜ የሚቀረው በሌላው ቤት ነው። ዩኒፎርሟ አንድ ብቻ ነው፣ እሁድ ማታ እርጥቡን ይዛ ትመለሳለች። የአባቷ መኪና ከሚሌ በዘገየ ቀን ማንም አይደውልላትም። እያንዳንዱን እያነበበች በእስክሪብቶ ምልክት ታደርግበታለች። መምህሩ "ያኔ ቶሎ ስንስማማ ቆም ማለት ነበረብን" አሉ፣ ልጅቷም "አሁን ቆማችኋል" አለቻቸው።

ሁለተኛው ዩኒፎርም በእናት ሆነ፣ ስልክ መደወል በአባት። አልጋው ላይ ትንሽ ቆየን፣ የአባትየው ክፍል ጠባብ ናት፣ ተደራራቢ አልጋ ካልሆነ አይገባም፣ እሱም ርካሽ አይደለም። ሹፌሩ ራሱን አከከና "በሚመጣው ደመወዝ እገዛዋለሁ" አለ። ልጅቷ ደመወዝ በስንት ቀን እንደሚወጣ ጠየቀችው፣ ነገራት፣ ቀኑን ጻፈችና ከሥሩ እንዲፈርምበት ደብተሩን አዙራ ሰጠችው።